ለቪትዝ ጠንካራ ካምቢዮ፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የተገጠመላት ቪትዝ ላይ ጠንከር ያለ ማኑዋል ካምቢዮ ስለመቀየር ጥያቄ በዝቷል። ዛሬ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን፦ የካምቢዮውን ኮድ ሳታነቡ ብር አታውጡ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ 1.5 ሞተር ቪትዜ ላይ ቱርቦ አስገጥሜ ሁለተኛ ማርሽ መጮህ ጀመረ። ካምቢዮው አቅም አንሶት ይሆን?

ሳይሆን አይቀርም። ሂሳቡን እንየው። ይህ ሞተር ያለ ቱርቦ የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል 140 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። አንደኛ ማርሽ 3.5፣ ዲፈረንሻሉ 4.3 ያባዛል እንበል። ዲፈረንሻሉ ጋ ሲደርስ 2,100 ሆነ። ቱርቦው ሞተሩን ወደ 200 ካወጣው 3,000 ይሆናል። ጥርስ የሚሰብረው ይሄ ነው። «ስንት ፈረስ ጉልበት ይችላል?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው፤ የመጠምዘዝ ኃይሉን ጠይቁ።

የእኛ አገር ከፍታም አለበት። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ስለሚደክም ካምቢዮው ሳይጎዳ ይኖራል። ቱርቦ ሲገባ የጎደለው አየር ይመለሳል፤ ጫናውም አብሮ ይመጣል።

አንተ ግን መጀመሪያ ድምፁን ለይ። በሁለተኛ ብቻ ከጮኸ ያ ማርሽ ነው። በሁሉም ከጮኸ ኩሽኔታ ጠርጥር። ቆመህ በባዶ ማርሽ እየጮኸ፣ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ዝም ካለ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ዘይቱን አውርደህ እየው። የብረት ስብርባሪ ካለው መኪናዋን አታንቀሳቅሳት።

ከቡሬ፦ የትኛው ካምቢዮ ነው ምርጡ?

ለየትኛው መኪና? ለየትኛው ሞተር? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ከባሕር ዳር፦ ሶማሌ ተራ ባለ ስድስት ማርሽ ሲ60 አግኝቻለሁ። እንደ ቪትዝ ካምቢዮ የሲ ቤተሰብ ነው ተባልኩ። በቀጥታ ይገጥማል?

ቤተሰቡ አንድ ስለሆነ ብቻ አይገጥምም። ቶዮታ የሲ ካምቢዮዎችን ለብዙ ዓይነት ሞተር ሠርቷል። ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው ፊት የብሎን ቀዳዳው ይለያያል። ቀዳዳው ቢገጥም እንኳ የመግቢያው ዘንግ ጥርስ ከፍሪሲዮን ዲስኩ ጋር፣ የአክሲሎቹም ጥርስና ርዝመት መስማማት አለበት። አክሲል «ትንሽ ብቻ አጠረ» ተብሎ አይገጠምም፤ ጉድጓድ ላይ ይወጣል።

ደግሞ ሲ60 የቶዮታ ስፖርት መኪና የሴሊካ ካምቢዮ ነው። የተሠራው ወደ 8,000 ዙር ለሚሮጥ ሞተር ስለሆነ ማርሾቹ ተቀራራቢ ናቸው። ቱርቦ ያላት ቪትዝ ደግሞ ጉልበቷ መሀል ዙር ላይ ነው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጣ ማርሽ ስትቀያይር ትውላለህ። ለእኔ አምስት ወፍራም ማርሽና ዝቅ ያለ የዲፈረንሻል ቁጥር ይበልጣል። ዙር ይቀንሳል፣ የዲፈረንሻሉ ጥርስም ያነሰ ጫና ይቀበላል። ስድስት የሚለው ቁጥር አያታላችሁ።

ከዳንግላ፦ ለዓባይ መንገድማ አውቶማቲክ ይሻላል። እግርም አይደክምም።

ከደጀን፦ ወንድሜ፣ ቁልቁለቱን ረሳኸው? ፍሬን ሲግል በየቀኑ እናያለን። በማርሽ መያዝ የሚቻለው በማኑዋል ነው።

ከዳንግላ፦ አውቶማቲክም ኤልና 2 የሚባሉ ዝቅተኛ ማርሾች አሉት እኮ!

ሁለታችሁም ከጥያቄው ወጣችሁ። አዎ፣ አውቶማቲክም ይይዛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ቁልቁለት ላይ ሞተር መኪናውን ሲይዝ ጫናው በጥርሱ በሌላኛው ጎን ይሆናል። ያገለገለ ካምቢዮ ስትገዙ የጥርሱን ሁለቱንም ፊት እዩ። አሁን ወደ ካምቢዮው እንመለስ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ዘይት የፈለግነውን ብንጨምር ችግር አለው?

አለው! ካምቢዮ የሚገድለው ከቱርቦ ይልቅ ዘይት ነው ብል አላጋነንኩም። ማርሽ ስትቀይር ፍጥነቱን የሚያስተካክሉ የነሐስ ቀለበቶች ውስጥ አሉ። ሥራቸው በሰበቃ ነው። ጂኤል-5 የሚባለው የማርሽ ዘይት ለከባድ ዲፈረንሻል ታስቦ የሚጨመርበት ነገር ብዙ ነው። ቀለበቱን ያንሸራትተዋል፣ አንዳንዱ ነሐሱንም ይበላዋል። የካምቢዮው መመሪያ ካልፈቀደ ጂኤል-4፣ ውፍረቱ 75ደብሊው-90 የሆነውን ተጠቀሙ። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ጽሑፍ ራሳችሁ አንብቡ፤ ሻጩ «ያው ነው» ቢልም እመኑኝ፣ ያው አይደለም።

ከእንጅባራ፦ ሁሉም በስንት ብር ያልቃል?

ዋጋ አልናገርም። ዛሬ ያልኩት ነገ አይሠራም።

ከሞጣ፦ የኔ አውቶማቲክ ናት። ወደ ማኑዋል ትቀየራለች?

ትቀየራለች፣ ግን ካምቢዮ ብቻ አትግዛ። ፔዳሎቹ፣ የፍሪሲዮን ፓምፖች፣ ቮላኖ (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት)፣ የማርሽ ገመዶች፣ አክሲሎችና ኮምፒውተሩ አብረው ይምጡ። ከተቻለ ከአንድ መኪና ይሁኑ። ቦሎና ሊብሬን የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።

ከቡሬ፦ እሺ፣ ቪትዝ ናት። የትኛውን ልግዛ?

አሁንም ሞተሯን አልነገርከኝም! የመኪናዋን መለያ ሰሌዳ ፈልግ። ትራንስ/አክስል በሚለው መስመር ላይ የካምቢዮው ኮድ አለ። እሱንና የሞተሩን ኮድ ይዘህ ና። ያለዚያ የማንንም ምክር ሰምተህ ብር አታውጣ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ ዘይቱን አወረድኩት። ስብርባሪ አለው። ካምቢዮው ሲወርድ ፍሪሲዮኑንም ልቀይር?

ቀይር። ለሁለቱም ጉልበቱ አንድ ነው፤ ካምቢዮ ማውረድ። ለጨመርከው ኃይል የሚበቃ ዲስክና መጫኛ፣ አዲስ ኩሽኔታ አድርግ። የቮላኖውንም ፊት በማሽን አስተካክለው። ከተገጠመ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ቱርቦውን አታስጩኸው፣ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ይዘህ አትቁም። ከዚያ ዘይቱን አውርደህ እንደገና እየው።