መልስ፦ የአያቴ ሽጉጥ ታሪኩና ዋጋው ምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ጎኑ ላይ «ቤሬታ፣ 9 ኮርቶ፣ 1937» እና በሮማውያን አኃዝ 15 ተጽፎበታል ካልክ፣ የጣሊያኑ ቤሬታ 34 ነው። 15 በፋሺስቶች ዘመን አቆጣጠር 15ኛው ዓመት ማለት ነው፤ አቆጣጠሩ በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 1922 ይጀምራል። ስለዚህ ያንተው 15ኛው ዓመት ከሚያልቅበት፣ በፈረንጆቹ ከ1937 ኦክቶበር መጨረሻ በፊት የተሠራ ነው። አገራችን በወረራ ሥር በነበረችበት ጊዜ ማለት ነው! «አር ኢ» የምትለዋ ማህተም የጣሊያን ንጉሣዊ ምድር ጦር ምልክት ናት።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈገፍገው፣ አደራ። ማህተሙ ከተፋቀ ዋጋው ይወርዳል። 7 ጥይት የሚይዘው የራሱ ካዝና ካለም አትለየው።

ከዋጋው በፊት ግን ፈቃዱን ጨርስ። በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። አያትህ እንዴት እንዳገኙት የሚያውቅ የቤተሰብ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ ጠይቀህ ጻፈው።