ሁለቱንም መጫወት ለምትፈልጉ

ውድ ልጆቼ፣

በአየርላንዷ ኮርክ ጌሊክ እግር ኳስንም (በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን የአየርላንድ እግር ኳስ) ኸርሊንግንም (በዱላና በትንሽ ኳስ የሚጫወቱትን) በካውንቲ፣ ማለትም በአውራጃ ቡድን ደረጃ ልጫወት የሚል ወጣት አይጠፋም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ብዙዎቻችሁን አይቻለሁ። «አንዱን ምረጥ» የሚላችሁ ሰው ሞልቷል፤ እኔ አልጨምርበትም። እኔን የሚያሳስበኝ በጨዋታና በጨዋታ መካከል ያለው ቀን ነው።

ሁለቱንም መጫወት ይቻላል ስትሉ ሁላችሁም የምትጠሩልኝ የኮርኩን ተጫዋች ቴዲ ማካርቲን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 2 ቀን 1990 ኮርክ በመላው አየርላንድ የኸርሊንግ ፍጻሜ የጎልዌይን ካውንቲ ረታ፤ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሴፕቴምበር 16፣ በጌሊክ እግር ኳስ ፍጻሜ የሚዝን ካውንቲ 11 ለ9 አሸነፈ። በሁለቱም ፍጻሜዎች ሜዳ ገብቶ የተጫወተው ማካርቲ ብቻ ነበር። ዝላዩ ለሁለቱም ጨዋታ የሚሆን ነበር፤ ኳሷ ትንሽም ትሁን ትልቅ፣ ከተጋጣሚው በላይ ተነስቶ ከአየር ላይ ይቀልባታል። ነገር ግን ያኔ የተሸነፈ ወዲያው ይሰናበት ስለነበር ጨዋታው ጥቂት ነበር። ኮርክ ያለበት የመንስተር ክፍለ ሀገር የኸርሊንግ ውድድር ግን በ2018 ወደ ዙር ተቀይሮ አምስቱ ካውንቲዎች እርስ በርስ መገናኘት ጀመሩ። ፍጻሜዎቹም ከ2022 ወዲህ ወደ ጁላይ መጥተዋል። ማካርቲን ስትጠቅሱ ይህን አብራችሁ ቁጠሩ።

ሰውነት ድካምን በየስፖርቱ ለይቶ አያስቀምጥም። የኸርሊንጉ አሠልጣኝ ማክሰኞ ያስሮጣችኋል፤ ረቡዕ እንድታርፉም ይነግራችኋል። የእግር ኳሱ አሠልጣኝ ደግሞ በዚያው ረቡዕ ደጋግማችሁ እንድትመቱ ያደርጋል። ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ናቸው፤ ብሽሽትና የጭን ጀርባ ጡንቻ ግን ድምሩን ነው የሚሸከሙት። ኸርሊንግ የአገር ቤቱን ገና ጨዋታ ያስታውሰኛል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? እዚህ አሠልጣኞቹ ይቆጣሉ! ቢሆንም የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጡና አንድ የልምምድ ሰሌዳ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ለዚያ ዓመት አንዱን ያዙ። ሌላው በሚቀጥለው ዓመትም አለ።

ለሴቶቹም እንዲሁ ነው። ሪና ባክሊ ከኮርክ ጋር በእግር ኳስ 11፣ በካሞጊ (በሴቶች ኸርሊንግ) 7፣ በድምሩ 18 የአየርላንድ ዋንጫዎች አንስታለች። በ2012 የእግር ኳሱ፣ በ2017 የካሞጊው ቡድን አምበል ሆና አሸንፋለች። የእኛ ሙያ ባልደረባም ናት፤ ይህን ስናገር ትንሽ ኩራት ቢጤ ይሰማኛል።

ሙያ ካነሳን አይቀር፣ ይህ ስፖርት ደመወዝ የለውም። 82 ሺህ ሰው በሚይዘው በክሮክ ፓርክ ስታዲየም ተጫውታችሁ ሰኞ ሥራ ትገባላችሁ። የኮርኩ ተጫዋች ጃክ ሊንች ከ1941 እስከ 1946 በተከታታይ ስድስት ዋንጫ ሲበላ፣ አምስቱ የኸርሊንግ፣ የ1945ቱ የእግር ኳስ፣ ሕግም ተምሮ ጠበቃ ሆኗል፤ ኋላም የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቅቷል። ፈተና ባለበት ወር ልምምድ ቢቀርባችሁ አትሸማቀቁ።

ጠዋት ካልሲ ስታጠልቁ ብሽሽታችሁን ከወጋችሁ ደግሞ «ይሞቃል፣ ይተወኛል» አትበሉ። ለሁለቱም አሠልጣኞች በዚያው ቀን ንገሩ፤ ለአንዱ ብቻ ከነገራችሁ ሌላው ማታ ያስሮጣችኋል።