ማንም ያልቀረጸውን ለምትቀርጹ

ይድረስ በጅማ ለምትገኙ፣ ክራርም ሆነ ኪቦርድ፣ ማሲንቆም ሆነ ቫዮሊን ላነሳችሁ ልጆቼ። እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሚቀሰቀስብኝ የጉልበት ሕመም በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ።

አንዳንዶቻችሁ ባገኛችሁኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ምን ብንጫወት ይሻለናል?» ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰው ሲጫወት በመቅረጽ ነው፤ ራሴ አንድ ዜማ አስተካክዬ መምታት አልችልም። ስለዚህ ስለ ጣት አጣጣል አትጠይቁኝ። ስለ ቀረጻ ግን የምለው አለኝ። ዓለም ሁሉ የቀረጸውን ለጊዜው ተዉትና ማንም ያልቀረጸውን ፈልጉ፤ ስታገኙት ደግሞ አደራ እንደተቀበለ ሰው ተጠንቅቃችሁ ቅረጹት። የሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ዩትዩብ ላይ ቫዮሊን ብላችሁ ብትፈልጉ የጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ የቪቫልዲ «አራቱ ወቅቶች» ሳይመጣላችሁ አይቀርም። ከአንድ ሺህ በላይ ቀረጻ አለው ይባላል። አዲስ ሲወጣ አያለሁ፤ አብዛኛውን ሳልሰማው አልፋለሁ። ነገር ግን ይህ ሙዚቃ ራሱ ተረስቶ የኖረ ነው። ቪቫልዲ የሞተው በ1741 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ)፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ስሙን የሚያነሳ ጥቂት ነበር። የእጅ ጽሑፎቹ ክምር በሰሜን ጣሊያን ከአንድ ገዳም ብቅ ያለው በ1926 ነው። «አራቱ ወቅቶች»ን በሸክላ በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ አሜሪካዊው ቫዮሊን ተጫዋች ሉዊስ ካውፍማን ሲሆን፣ የቀረጸውም በ1947 መጨረሻ ሌሊቶች ኒው ዮርክ በሚገኘው ካርኔጊ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ያጣደፋቸው የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1948 ጀምሮ አባላቱ ሸክላ እንዳይቀርጹ ከልክሎ ነበርና ቀኑ ሳይደርስ መጨረስ ነበረባቸው። ያ ሸክላ በ1950 ትልቁን የፈረንሳይ የሸክላ ሽልማት አገኘ። ዛሬ ማንም ሰው ቪቫልዲ የማይታወቅ ነበር ብትሉት አያምናችሁም።

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። ፍሎረንስ ፕራይስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የሙዚቃ ደራሲ ነበረች፤ በ1887 አርካንሳስ ግዛት፣ ሊትል ሮክ ተወለደች። የመጀመሪያ ሲምፎኒዋን (ለሙሉ ኦርኬስትራ የሚጻፍ ረጅም ሥራ ነው) የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በ1933 ሲጫወትላት ብዙ ተባለላት። ከዚያ በኋላ በሮች አልተከፈቱም። በ1943 ለቦስተኑ ኦርኬስትራ መሪ ለሰርጌ ኩሴቪትስኪ ደብዳቤ ጽፋ ሁለት መሰናክል እንዳለባት፣ አንዱ ሴትነቷ ሁለተኛው ዘሯ እንደሆነ በግልጽ ነገረችው፤ እሱ ግን ሥራዋን አላቀረበላትም። በ1953 ሞተች። በ2009 በኢሊኖይ ግዛት አንድ ሰው አልባ፣ ጣሪያው የፈራረሰ ቤት ሲታደስ የኖታዋ ክምር ተገኘ። በበጋ ታርፍበት የነበረ ቤት ነው። አራተኛ ሲምፎኒዋም እዚያው ነበረች፤ በ1945 የተጻፈች፣ በሕይወቷ አንድም ቀን ያልሰማቻት።

ያቺን ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫውቶ የቀረጻት ማን ይመስላችኋል? በርሊን አይደለም፤ ኒው ዮርክም አይደለም። ፎርት ስሚዝ የምትባል፣ ከጅማችን የምታንስ የአርካንሳስ ከተማ ኦርኬስትራ ነው። የመሪያቸው ስም ጆን ጄተር ይባላል። በ2018 ተጫወቷት፤ በ2019 መጀመሪያ ናክሶስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ አሳተመው። የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ የፕራይስን ሲምፎኒዎች ቀርጾ ለኦርኬስትራ የሚሰጠውን ግራሚ፣ የአሜሪካኖቹን የሙዚቃ ሽልማት፣ የወሰደው ከዚያ በኋላ፣ በ2022 ነው። የግዛታቸው ልጅ ስለሆነች ነው ፎርት ስሚዞች ቀድመው ያነሷት። ትልቁ ከተማ እስኪያስታውሳት ቢጠብቁ ኖሮ አሁንም ይጠብቁ ነበር።

ቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለእናንተ የባሰ ይጥማችኋል። በ2023 ለኦርኬስትራ የሚሰጠውን ያንኑ ግራሚ የወሰደው የኒው ዮርክ ወጣቶች ሲምፎኒ ነው፤ ተጫዋቾቹ ከ12 እስከ 22 ዓመት የሆናቸው ልጆች። በኮቪድ ጊዜ መድረክ ሲዘጋባቸው ወደ መቅረጫ ክፍል ገቡና ከፕራይስ ሥራዎች የፒያኖ ኮንቼርቶዋን (አንድ ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበትን ሥራ) ጨምረው ቀረጹ፤ ፒያኖውን የተጫወተችው ሚሼል ካን ናት። ይህ ኮንቼርቶ የራሱ ታሪክ አለው። የኦርኬስትራው ኖታ ጠፍቶ ስለነበር የሙዚቃ ደራሲው ትሬቨር ዌስተን የፒያኖ ኖታዎቹን ይዞ እንደ ገና ሠራው፤ ካረን ዋልዊን በዚያ ተጫውታ በ2011 ወጣ። በኋላ የፕራይስ የራሷ ኖታ ተገኘ። እስቲ የዋልዊንንና የካንን ቀረጻ ጎን ለጎን ስሟቸው፤ የመለከቱና የቫዮሊኑ ቀለም የት የት እንደሚለያይ ይገባችኋል። ለእኔ ከአንድ ወር የሙዚቃ ትምህርት ያ አንድ ምሽት ይበልጣል። መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው።

ልጆች አቅም የላቸውም ለሚሉ ደግሞ ሌላ ልጨምር። ሃቨርጋል ብራየን የሚባል እንግሊዛዊ 32 ሲምፎኒ ጽፎ ዘጠና ዓመት እስኪያልፈው አንዱም በሸክላ አልታተመለትም ነበር። በ1972 ዐሥረኛውንና ሃያ አንደኛውን ለሽያጭ በሚወጣ ሸክላ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረጸው የሌስተርሻየር ትምህርት ቤቶች ኦርኬስትራ ነው። ተማሪዎች ናቸው። ሽማግሌው በዚያው ዓመት መጨረሻ በ96 ዓመቱ አረፈ።

እዚህ ላይ ነው ማስጠንቀቂያዬ። አንድ ሰው ቤትሆቨንን አበላሽቶ ሲጫወት ብትሰሙ «ተጫዋቹ ደካማ ነው» ትላላችሁ፤ ቤትሆቨንን ከሌላ ቦታ ታውቁታላችሁና። ማንም የማያውቀውን ሥራ አበላሽቶ ሲጫወት ብትሰሙ ግን «ሥራው ደካማ ነው» ትላላችሁ። ጥፋቱ ወደ ደራሲው ይሄዳል፤ ደራሲው ደግሞ ሞቷል፣ አይከራከርም። መጥፎ የመጀመሪያ ቀረጻ የተረሳን ሰው ሁለተኛ ይቀብረዋል። ሌላ ኦርኬስትራ ሊያነሳው ሲያስብ ያንን ሰምቶ ይተወዋል። ለብዙ ዓመት ያ ቀረጻ ራሱ ሥራው ሆኖ ይኖራል፤ ፍጥነቱን ካሳሳታችሁ የተሳሳተው ፍጥነት ትክክለኛው ይሆናል፤ አንድ ኖታ ከዘለላችሁ ከእናንተ በጆሮው የሚያጠናው ልጅም ይዘልለዋል። ለንደን ያለውን ቶካታ ክላሲክስን የመሰሉ፣ ያልተቀረጸ ሙዚቃ ፈልገው የሚያሳትሙ ቤቶች ስለ ኖታው ንጽሕና እንደዚያ የሚጨነቁት ለዚህ ይመስለኛል። በአልበሙ ውስጥ የሚያስገቡትን መግለጫ አንብቡ፤ ኖታው ከየት እንደተገኘ፣ ማን እንዳረመው ይጽፋሉ። ዘፈኑን ብቻ አውርዳችሁ መግለጫውን የምትተዉት ነገር አይዋጥልኝም።

ወደ አገራችን ስመለስ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አሉልን። በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላም ካይሮ ላይ ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። በ1967 ጀርመን ውስጥ የራሳቸውን ሥራ በፒያኖ ተጫውተው ሸክላ አሳተሙ፤ ገቢውም ለችግረኞች መርጃ ነበር። በ2006 ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 21ኛ ሆኖ ሲወጣ ዓለም ሰማቸው፤ በ2023 ኢየሩሳሌም አረፉ። የፒያኖ ኖታቸው በመጽሐፍ የወጣው በ2013 ነው፤ ማያ ዱኒየትስ የተባለች ፒያኒስት ኢየሩሳሌም ገዳማቸው ድረስ ሄዳ ሰብስባ ነው ያሳተመችው። አሁን በየአገሩ ያሉ ፒያኒስቶች ከዚያ ኖታ እያነበቡ ይጫወቷቸዋል። ኖታው ብቻ ቢኖረን ኖሮ ምን እናጣ እንደነበር አስቡት፤ እማሆይ ዜማውን የሚያዘገዩበትን፣ እንደ ድምፃዊ ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ ወረቀት ላይ ማስፈር አይቻልም። የሚታወቀው እሳቸው ራሳቸው ስለ ቀረጹት ነው። እንግዲህ የእሳቸውን ሥራ ልትጫወቱ ከሆነ መጀመሪያ የእሳቸውን ጣት ስሙ፤ ከዚያ ኖታውን ክፈቱ። በተቃራኒው የጀመረ ሰው እንደ ቫልስ፣ ሦስት ሦስት እያለ እንደሚቆጠረው የፈረንጅ ዳንስ፣ ሲያስቆጥራቸው ሰምቼ ዘግቻለሁ።

በ2024 ደግሞ እማሆይ በአማርኛ የዘፈኑበት አልበም ወጣ። ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ ቤታቸው ሆነው በካሴት ቴፕ የቀረጹት ነው። ከፒያኖው ጀርባ የወፍ ድምፅ ይሰማል። ስቱዲዮ የለንም እያላችሁ ለምታማርሩኝ ይህን አስደምጫችሁ ነበር፤ ኪሳችሁ ያለው ስልክ ከዚያ ቴፕ ይሻላል። በሕይወት ካሉት ደግሞ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ከተማ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ አለ፤ «አምባሰል»ና «ሰመመን» የሚባሉ የፒያኖ ሥራዎቹን በ2014 በወጣው አልበሙ ላይ አግኙና ቅኝታችን በፒያኖ እንዴት እንደሚቀመጥ ተማሩበት።

እናንተ ያላችሁበት ቦታ ደግሞ ባለጸጋ ነው። ጅማ ዙሪያ መንዙማ የሚያውቁ አባቶች አሉ፤ ክራር የሚመቱ፣ በአፋን ኦሮሞ የቆየ ዜማ የያዙ እናቶች አሉ። ብዙው አልተቀረጸም። ክላሲካል ማለት ፈረንጅ የጻፈው ብቻ ነው ያላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ግን መንዙማ ጸሎት ነው፤ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፣ «አይቀረጽም» ከተባላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ከተፈቀደላችሁም ከሥሩ የኪቦርድ ምት አታስገቡ። ይህን ስል ሽማግሌ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ የመጀመሪያው ቀረጻ ላይ ከበሮ ማሽን ከገባ ሁለተኛ ማውጣት አይቻልም፣ ሳይገባበት የተቀረጸው ላይ ግን ሌላ ጊዜ የፈለገ ይጨምርበታል።

የጅማ ትልቁ ጠላት ዝናብ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሐምሌ ላይ መቅረጽ አይታሰብም። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደረቅ ነው፤ ሰዉ ግን ቡና ለቀማ ላይ ስለሚሆን ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። በመርካቶ በኩል ከሆናችሁ የባጃጁ ድምፅ እስኪጀምር አትጠብቁ፤ ንጋት ላይ አዛኑም የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያም ካረፈ በኋላ ያለችውን ጊዜ ተጠቀሙባት። ግድግዳው ባዶ ከሆነ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉበት። ስልኩን ከጥሪ ነጻ አድርጉት። ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፣ የእንጨቱን ንዝረት ይወስዳል። በዋቭ፣ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ ቅረጹ፤ በቴሌግራም ስትልኩም በፋይል መልክ ላኩት፤ በድምፅ መልእክት ከላካችሁት ግማሹ ነገር ይቀራል። ጥፋት ያለበትን ቦታ ቆርጣችሁ አትጣሉ፤ ሙሉውን አስቀምጡና ለሰው የምታሰሙትን ለብቻ አውጡ።

ስም መጻፍን አትርሱ። በእኛ ጊዜ በየካሴቱ ልባስ ላይ የድምፃዊው ፎቶ ይጎላል፤ ማሲንቆውን የመታው፣ ከበሮውን የያዘው ስሙ የለም። ስንቱን ድንቅ ተጫዋች ዛሬ «ያ የአገሌ ክራር መቺ» እያልን ነው የምንጠራው። እናንተ ዘንድ ይህ ይቁም። ማን ዘፈነ፣ ማን መታ፣ ማን ከማን ተማረው፣ የትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ቀረጸው፤ ፋይሉ ውስጥም በወረቀትም ይጻፍ። አባት ስማቸውን ከነአያታቸው ጠይቁ፣ አባ ተብሎ የሚጠራ የፈረስ ስም ካላቸውም አብሮ ይግባ። ከቀረጻው አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ስጡ፤ ልጃቸው ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን በፍላሽ። ገንዘብ ከመጣ ድርሻቸው ስንት እንደሆነ ዩትዩብ ላይ ሳትጭኑት በፊት ተነጋገሩ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቤታችሁ ወይም ዘመድ ቤት የቆየ ካሴት ካለ በተለይ እርጥብ ክፍል ውስጥ የኖረ ከሆነ ከፍታችሁ እዩት። ቴፑ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት፤ ሻጋታው ማጫወቻውን በክሎ ወደ ሌላው ካሴት ይሄዳል፤ ቴፑም ይበጠሳል። ደረቅ ክፍል ውስጥ አስቀምጡትና አምጡልኝ። ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።