ዘጠኝ ልጅ ይበቃል

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ኮምቦልቻ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ «አንቺ ወጣት ነሽ» ብለው የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ክበቡን ሰጡኝ። መስከረም ላይ 60 ተማሪ ተመዝግቦ ነበር፤ አሁን የሚመጡት ዘጠኝ ናቸው። በጀት የለም። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ለወላጆች ቀን «የሚታይ ነገር» ይፈልጋሉ። ፊዚክስ ላይ ብዙም አይደለሁም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ዘጠኝ ልጅ ካለሽ ክበብ አለሽ። 60 ልጅ የጠዋት ሰልፍ ነው። ደብረ ብርሃን 31 ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ከ12 ልጅ በላይ ይዤ የረባ ነገር የሠራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሲበዙ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀረው አንገቱን አስግጎ ያያል።

ስለ በጀት አትጨነቂ። አንድ የማውቀው ትምህርት ቤት የሮቦት መሥሪያ ዕቃ በእርዳታ አግኝቶ ነበር። በሞዴል 19 ንብረት ክፍል ገባ። ከዚያ ወዲያ «ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?» ሆነና ቁም ሳጥን ውስጥ ከረመ። ከዓመታት በኋላ ሲከፈት ባትሪዎቹ ፈሰው ሽቦውን በልተውታል። አንድም ልጅ አልነካውም።

ክበብ የሚጀመረው መልሱን መምህሩም በማያውቀው ጥያቄ ነው። ይህን ያስተማረችኝ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። ውሃ አፍልታ ቴርሞሜትር ነከረች። 90 ተኩል ላይ ቆመ። ውሃው ይንተከተካል፤ መስመሩ ንቅንቅ የለም። «ጋሼ፣ 100 አልገባ አለኝ» አለች። መጽሐፉ 100 ስለሚል «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ብዬ አለፍኩ። እሷ ግን አላለፈችም። በሳምንቱ ከኬሚስትሪ መምህሩ ሁለት ሌላ ተውሳ መጣች። ሦስቱም 90 ተኩል! የአየር ግፊት ሲቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት እንደሚፈላ ለፈተና ስንቴ አስተምሬዋለሁ መሰለሽ። ፊቴ የተጣደው ድስት ላይ ግን አልታየኝም። እስካሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ከፍ ባልሽ ቁጥር ደግሞ የአየር ግፊቱ ይቀንሳል። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ልጅቷ ለበዓል ሸዋ ሮቢት አክስቷ ጋ ስትወርድ ቴርሞሜትሩን ይዛው ሄደች (ንብረት ክፍሉ እንዳይሰማ)። 96 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁጥር ጽፋ ተመለሰች። ከዚያ የክበቡ ወሬ ሁሉ ስለ ንፍሮ ሆነ። ደጋ ላይ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ባቄላው ቶሎ አይበስልም፤ እናቶችን ለምን እንደሚያማርር ገባቸዋ!

አንቺማ እድለኛ ነሽ። ኮምቦልቻና ደሴ ቢራራቁ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ከፍታቸው ግን በ600 ሜትር ያህል ይለያያል። አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ዘመድ ቤት ውሃ አፍሉ። ሁለት ዲግሪ ያህል ልዩነት ማየት አለባችሁ። ባታዩም ጥሩ ነው፤ ለምን እንደሆነ መፈለግ ሌላ ሦስት ሳምንት ይወስድላችኋል።

ሁለተኛው ሥራ ሳንቲም አይጠይቅም። በእኛ አገር ፀሐይ በዓመት ሁለት ቀን ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ኮምቦልቻ ላይ አንዱ ሚያዝያ 11 ግድም ነው። ሌላው ነሐሴ ላይ ስለሆነ ደመናው አያሳይሽም። ሰዓቱ ደግሞ 6 ሰዓት አይደለም፤ 6፡20 አካባቢ ነው። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው በምሥራቅ፣ በሶማሌ ክልል ዋርዴር አካባቢ በሚያልፈው የ45 ዲግሪ መስመር ነዋ። ፀሐይ እናንተ ጋ እስክትደርስ 20 ደቂቃ ትፈጃለች።

1 ሜትር ቀጥ ያለ በትር ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ። ከግንበኛ ቱንቢ ተዋሱ፤ በትሩ ትንሽ ካዘመመ ጥላው አይጠፋም። ከ6 ሰዓት ጀምሮ በየሦስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ጥላው ወደ በትሩ ይሰበሰባል፣ ይሰበሰባል፣ ከዚያ የለም። ልጆቹ ጸጥ ይላሉ። ሁልጊዜ አንዱ በትሩን ይዞረዋል፤ ጥላው ከጀርባ የተደበቀ ይመስለዋል።

አርባ ምንጭ የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ካለሽ ደውዪለት። በዚያው ቀን፣ በእነሱ ቀትር (6፡30 ግድም)፣ የእነሱ 1 ሜትር በትር 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ፀሐይዋ ከእነሱ አናት 5 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ብላለች ማለት ነው፤ በሁለታችሁ መካከል ያለው የመሬት ክብ ቁራሽም 5 ዲግሪ ነው። ከደቡብ ወደ ሰሜን በካርታ ስትለኪው በሁለታችሁ መካከል 560 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ክብ 360 ዲግሪ አይደል? 5 ዲግሪ 72 ጊዜ ይገባበታል። 560ን በ72 ሲያባዙ 40,320 ይመጣል። የመሬት ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኤራቶስቴነስ የሚባል ሰው ከ2,200 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ፣ በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል የሠራው ይህንኑ ነው። ያንቺ ዘጠኝ ልጆች በበትርና በስልክ መሬትን ለኩ ማለት ነው።

ርዕሰ መምህሩን በተመለከተ አደራ፦ የካርቶን እሳተ ገሞራ እንዳታቀርቢ። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ያስጨበጭባል። ልጁ ግን «ለምን ገነፈለ?» ሲባል ወደ አንቺ ያያል። ይልቅ ወላጆች ፊት ድስት ጣዱ፤ አንዷ ልጅ አባቷን ጠርታ ቴርሞሜትሩን ታስነብበው።

ከዘጠኙ ስንቷ ሴት እንደሆነች አልጻፍሽልኝም። ክበቡ 10 ሰዓት ላይ ከሆነ ሴቶቹን ያስቀራቸው ሳይንስ ላይሆን ይችላል። ውሃ መቅዳት አለ፣ ወጥ መሥራት አለ። እኔ ወደ ፈረቃ መለወጫው ሰዓት ሳዞረው ሦስት የነበሩት ሰባት ሆኑ።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ያገኘውን ሁሉ ይፈታል። መጀመሪያ ራዲዮ፣ ቀጥሎ ቻርጀር፣ ባለፈው ደግሞ ቴሌቪዥኑን። አባቱ ሊመታው ምንም አልቀረው። እኔም ኤሌክትሪክ ይይዘዋል ብዬ እፈራለሁ። ልከልክለው? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይከልክሉት፤ ድንበር ያብጁለት። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ አይነካ። 220 ቮልት ይገድላል። ቴሌቪዥን ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ «ነቅዬዋለሁ እኮ» ቢልዎ አይስሙት። ያበጠ የሞባይል ባትሪም እንዲሁ ነው፤ ከተበሳ በእሳት ይያያዛል።

በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ግን የእሱ ይሁን። ሁለት ድንጋይ ተከታትሎ ሲገጠም 3 ቮልት ነው። ለቀይ ኤልኢዲ (ለትንሿ መብራት) 2 ቮልት ያህል ይበቃዋል፤ የተረፈውን የሚይዝ ሬዚስተር በመሐል ይገባል። ከፈታው ራዲዮ ውስጥ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ ቀለበት ያለበትን ይፈልግ፤ 100 ኦም ነው። እሱን አስገብቶ ካበራ በኋላ ያለ ሬዚስተር ለምን እንደማይሆን ይጠይቁት። ካላወቀ ይፈልግ።

አንድ ሕግ ግን አውጡ፦ የፈታ ይገጥማል። ሲፈታ በስልክዎ ደረጃ በደረጃ ፎቶ ያንሳ። ብሎኖቹን በእንቁላል ካርቶን ላይ በቅደም ተከተል ያስቀምጥ። ክረምት ላይ ደግሞ ሰፈራችሁ ያለ የምታምኑት ሞባይል ጠጋኝ ጋ ግማሽ ቀን ይዋል። እኔም ፊዚክስን መጀመሪያ ያየሁት አጎቴ ራዲዮ ሲጠግን ነው። ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ለተማሪዎች የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የኢንጂነሪንግና የሒሳብ) ማእከል ስላላቸው ቅርብዎ ያለውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ 10ኛ ክፍል ነኝ። ክበባችን ክረምት ሲመጣ ይዘጋል። ብቻችንን ምን እንሥራ?

መልስ፦ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አትያዙ። ጨረቃ ፀሐይን ትጋርዳለች። ሙሉ ጨለማው በሉክሶርና በጅዳ በኩል ያልፋል፤ እኛ ጋ በከፊል ይታያል። ፀሐይዋን ቀና ብላችሁ እንዳታዩ። ጥቁር መነጽርም ሆነ የኤክስሬይ ፊልም አያድንም። ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡና የፓስታ ማጥለያ ያዙ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ የፀሐይዋን ምስል ግድግዳ ላይ ይጥላል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን እኛ ደብረ ብርሃን ላይ ያየነው በዚህ ነው። የኮሮና ጊዜ ስለነበር ክበብ የለም፤ የጎረቤት ልጆች ብቻ ነበሩ። ማጥለያውን ከግንቡ አንድ ክንድ ያህል አርቄ ያዝኩት። በየቀዳዳው አንዳንድ ትንሽ ማጭድ ግንቡን ሞላው። አንዷ በእርሳስ እየተከተለች ሣለቻቸው፤ እስካሁን አልጠፉም። ሐምሌ ስለሆነ ለደመናው ዋስ አልሆንም። ማጥለያውንም አስፈቅዳችሁ ውሰዱ፤ ባለቤቴ የእሷን እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።