ከሌላው ማሠልጠኛ ቤት ጋር ለምትከራከሩ የሐዋሳ ጁ ጂትሱ ልጆች

ልጆቼ፣

ጠዋት የታቦርን ተራራ ሮጣችሁ ስትወርዱ የማን ጁ ጂትሱ ይበልጣል ብላችሁ እንደምትከራከሩ አውቃለሁ። አንዱ «የእነሱ ለታይታ ነው» ይላል፤ ሌላው «እናንተ መሬት ላይ ከመንከባለል ሌላ ምን ታውቃላችሁ» ይላል። ክርክሩን አልነቅፍም። የሚያሳዝነኝ የምትተቹት ሰው በየትኛው ሕግ እንደሚሠለጥን ሳትጠይቁ መፍረዳችሁ ነው።

የኮዶካን፣ ማለትም የጃፓኑ ዋና የጁዶ ትምህርት ቤት፣ ተማሪ የነበረው ሚትሱዮ ማኤዳ እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገባ፤ ትምህርቱን ከእሱ የወረሱት የግሬሲ ቤተሰብ ሰዎች የመሬቱን ትግል አሰፉት፤ የብራዚል ጁ ጂትሱ የምንለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሪዮ ማራካና ስታዲየም ላይ ጁዶኛው ማሳሂኮ ኪሙራ የሄሊዮ ግሬሲን ክንድ ጠምዝዞ ሰበረ። ሄሊዮ እጅ አልሰጠም፤ ፎጣ የወረወረለት ወንድሙ ካርሎስ ነው። የተሸነፈው ወገን ግን ጥምዘዛውን ተማረው፣ በአሸናፊውም ስም ጠራው። ትልቅነት ይህ ነው። በአንጻሩ የሌላው አሠልጣኝ የኦስዋልዶ ፋዳ ተማሪዎች ከሪዮ ዳርቻ መጥተው የግሬሲን ተማሪዎች በእግር ጥምዘዛ ሲረቱ፣ ስልቱ የሰፈር ስልት ተብሎ ተናቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ ዓለም ሁሉ የእግር ጥምዘዛን ከመሠረቱ መማር ግድ ሆነበት።

ሕጉ ሰውነትን ይቀርጻል። በአይቢጄጄኤፍ (ዓለም አቀፉ የብራዚል ጁ ጂትሱ ፌዴሬሽን) ውድድር መጣል 2 ነጥብ፣ ጋርድ (ከታች ያለው በእግሩ የሚከላከልበትን ቦታ) ማለፍ 3፣ ማውንት (በተኛው ላይ መቀመጥ) ወይም ጀርባ መያዝ 4 ያስገኛል፤ ቦታውን 3 ሰከንድ ማጽናት ግን ያስፈልጋል። ጁዶ ላይ አንድ ንጹሕ ጣል ኢፖን ሆኖ ጨዋታውን ይዘጋል፤ መሬት ላይ ለውጥ ካልታየ ዳኛው ቶሎ ያስነሳል። ስለዚህ ጁዶኛ ሲወድቅ በሆዱ ተኝቶ መጠበቅን ይለምዳል። ለብራዚሉ ተማሪ ግን ይህ ጀርባን ሰጥቶ አንገትን ማስያዝ ነው። በተራው የብራዚሉ ተማሪ ቆሞ መታገልን ትቶ ቁጭ ብሎ ጋርድ ይስባል፤ ጁዶኛውም ይታዘበዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ራስን ለመከላከል የሚያስተምረው የጃፓን ጁ ጂትሱ ከልብስ ጨበጣና ከቢላ ይነሣል፤ ጥሩ ነው። ጉድለቱ የሚመጣው አጥቂው ሁልጊዜ ተባባሪ ሲሆን ነው፤ የማይታገል ሰው ላይ የተለማመዱት ጥምዘዛ በሚታገል ሰው ላይ ይከሽፋል።

እንግዲህ ሄዳችሁ ሞክሩት። መጀመሪያ ለራሳችሁ ማስተር ንገሩ፣ ከዚያ የዚያን ቤት ማስተር አስፈቅዱ። ኪሞኖ (የልምምድ ልብሱ) ይታጠብ፣ ጥፍር ይቆረጥ፣ ቁስል ያለበት ይቅር። ከመጀመራችሁ በፊት ከቆመበት ነው ወይስ ከጉልበት፣ እግር ይጠመዘዛል ወይ፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ተስማሙ። ሦስት ዙር በቂ ነው፣ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ፤ አንዱ በእነሱ ሕግ፣ አንዱ በእናንተ፣ ሦስተኛው ከተከራከራችሁበት ቦታ ተጀምሮ። በክብደት የተቀራረባችሁ ተጋጠሙ። ከጉልበት ብቻ አስጀምራችሁ ጁዶኛን ከረታችሁ ዋና መሣሪያውን ቀምታችሁ ስለሆነ አሸነፍን አትበሉ። ታታሚው (ምንጣፉ) ስስ ሆኖ ከሥሩ ሲሚንቶ ካለ መጣል ይቅር። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሣር ላይም አትጣጣሉ፤ ሣሩ ድንጋይ ይደብቃል።

ተረከዝ ይዞ መጠምዘዝን ለዚህ ቀን ተዉት። ሕመሙ ዘግይቶ ይመጣል፤ «አመመኝ» ስትሉ የጉልበት ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። አንገት ላይ የደም ሥር በደንብ ከተያዘ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ሊስት ስለሚችል፣ የታነቀው «በቃኝ» ለማለት በእጁ መታ መታ ሲያደርግ ያነቀው ወዲያው ይልቀቅ። የታነቀውም ለክብሩ ብሎ አይዘግይ።

ዙሩ ሲያልቅ ማን ረታ ከማለታችሁ በፊት «የቱ ጋ ነው የላላሁት?» ብላችሁ ተጋጣሚያችሁን ጠይቁት፤ ከእናንተ ቤት ሰው የማትሰሙትን ይነግራችኋል። ቪዲዮ ከተቀረጸ ሁለቱም ወገኖች ሳይስማሙ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍ። ተቆርጦ የወጣ 20 ሰከንድ ከየት እንደተጀመረና በምን ሕግ እንደነበር አያሳይም።