የራሳችን ክላስ ላይ ‹ኤንድ› እና ‹ኦር› ለምን አይሠሩም?

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው ይኼን ነው፦ በፓይተን ‹ማጣሪያ› የሚል ክላስ ሠርተሃል። ሁለት ማጣሪያዎችን በ‹ኤንድ› ስታገናኝ ሁለተኛው ብቻ ይሠራል፤ ኤረርም የለም። ‹ኤንድ›ን ኦቨርሎድ ማድረግ፣ ማለትም በራስህ ክላስ ላይ ምን እንደሚሠራ ራስህ መወሰን ይቻላል ወይ?

አይቻልም። ‹ኤንድ› ግራውን አይቶ ሐሰት ከሆነ ቀኙን ጭራሽ አይነካውም። ተራ ሜተድ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ወገን አስቀድሞ መሰላት ነበረበት። ይፈቀድ የሚል ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2004 ቀርቦ ነበር፤ ፔፕ 335 ይባላል (ፔፕ የፓይተን ማሻሻያ ሐሳብ የሚቀርብበት ሰነድ ነው)። በ2012 ውድቅ ሆነ። ሲ++ ይፈቅዳል፤ ግን ኦቨርሎድ የተደረገ የሲ++ ‹ኤንድ›፣ ማለትም && ሁለቱንም ወገን ያሰላል። እኔ እንዲህ ያለ ኮድ ለሪቪው ሲመጣልኝ አላሳልፈውም።

ያንተን ነገር እንየው። ፓይተን ሌላ ካልተነገረው በቀር የሠራኸውን ኦብጀክት እውነት ነው ብሎ ይወስደዋል። ግራው እውነት ስለሆነ ‹ኤንድ› ቀኙን እንዳለ ይመልስልሃል። በ‹ኦር› ብትሞክር ደግሞ የመጀመሪያው ብቻ ይቀርልሃል።

ስለዚህ በ‹ኤንድ›፣ በ‹ኦር› እና በ‹ኖት› ፈንታ &፣ | እና ~ን ኦቨርሎድ አድርግ። የዳታ ላይብረሪው ፓንዳስም፣ የዌብ ፍሬምወርኩ የጃንጎ ኪው ኦብጀክትም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ሜተዱ አዲስ ማጣሪያ ይመልስ እንጂ የግራውን አይለውጥ። ያንኑ ማጣሪያ ሌላ ቦታ የሚጠቀም ኮድ ሊኖር ይችላላ!

ቅንፍ አትርሳ፦

(ዕድሜ > 18) & (ከተማ == "አዳማ")

ቅንፉን ከተውከው & ከ> እና ከ== ስለሚቀድም ፓይተን መጀመሪያ 18 & ከተማን ሊያሰላ ይሄዳል።

አጥብቄ የምመክርህ ግን ሌላ ነገር ነው። የክላስህ ‹ቡል› ሜተድ (ፓይተን ኦብጀክቱ እውነት ይሁን ሐሰት የሚጠይቅበት) ኤረር እንዲያስነሳ አድርገው፤ መልእክቱም "ማጣሪያዎችን በ& አገናኝ" ይበል። ያኔ በ‹ኤንድ› የጻፈ ሁሉ እዚያው ይያዛል። 18 < ዕድሜ < 30 ብሎ የጻፈም አያመልጥም፤ ፓይተን ይኼንን በውስጡ በ‹ኤንድ› ነው የሚያገናኘው። እኔ የምሠራበት የሪፖርት ሲስተም ላይ ይኼን ስናስገባ፣ ዝም ብለው ይኖሩ የነበሩ ‹ኤንድ›ዎች ቴስት ላይ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። የደንበኛው ቅርንጫፍ ተዘሎ የሁሉም ቅርንጫፍ ሽያጭ ተደምሮ ከሚወጣ፣ ፕሮግራሙ ቢቆም በስንት ጣዕሙ!

ማጣሪያ መኖሩን በ‹ኢፍ› ብቻ የሚጠይቁ መስመሮች ካሉህ እነሱም ይሰበራሉ። እዚያ ላይ ‹ነን› (በፓይተን ‹ምንም የለም› ማለት ነው) አለመሆኑን በቀጥታ ጠይቅ።