ጎማው ይገባል፤ መሪው ሲዞርስ?

የመኪና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቤቴ ሱሉልታ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ 4 ኪሎ ሜትር ያህል መረሬ መሬት ላይ እነዳለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መኪናዬ ሆዱ ጭቃው ላይ እየተቀመጠ መንገድ ዘግቶብኛል። መኪናዬ የናፍጣ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው፤ ጎማው 265/65 አር 17። ጎሚስታው 285/70 አር 17 «ያለ ምንም ችግር ይገባል» ይለኛል። ልግዛ?
የሱሉልታ አንባቢ

መልስ፦ ጎሚስታው አልዋሸም፤ ይገባል። መሪው ቀጥ ብሎ፣ መኪናው ባዶውን ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ የማይገባ ጎማ ጥቂት ነው። ችግሩ የሚመጣው መሪውን ጥግ ድረስ አዙረው አንዱ የፊት እግር ጉድጓድ ውስጥ ሲገባና ሞላው ሲጨመቅ ነው። ከቤትዎ እስከ አስፋልቱ ይህ በየመቶ ሜትሩ ይገጥምዎታል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፤ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች፣ ማለትም 432 ሚሊ ሜትር። የአሁኑ ጎማዎ ከላይ እስከ ታች 776 ሚሊ ሜትር ነው፤ 285/70 ደግሞ 831። ልዩነቱ 55 ሚሊ ሜትር ቢሆንም መኪናው የሚነሳው በግማሹ ብቻ ነው፤ ግማሹ ወደ ላይ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳላ። ስለዚህ የሚያገኙት ከፍታ 27 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት ጣት አይሞላም።

በዚህ መኪና ላይ ትልቅ ጎማ ብዙውን ጊዜ የሚነካው ሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያውና አስቸጋሪው ከፊት ጎማ በስተኋላ፣ ጋቢናው ከሻንሲው ጋር በቡሎን የታሰረበት ጥግና እዚያው አጠገብ ያለው የላሜራ መገጣጠሚያ ነው። ሁለተኛው ከፊት ያለው ፕላስቲክ፣ የመከላከያው የታችኛው ጥግ ነው። ሦስተኛው ከውስጥ በኩል የላይኛው ክንድ፣ ማለትም እግሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ብረት ነው፤ ጎማው 20 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ በቸርኬዎ ላይ ወደ ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር ይጠጋል።

ሳይገዙ ይፈትኑ። ጎሚስታው አንድ ጎማ ብቻ ቸርኬ ላይ አስሮ ያውስዎት። የፊት አንዱን ጎማ ይፍቱና እሱን ይግጠሙበት፤ የጎማውን ትከሻ ዙሪያውን ጠመኔ ይቀቡት። ከዚያ ያንን እግር 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ጠንካራ ግንድ ወይም ድንጋይ ላይ አውጥተው፣ በመጀመሪያ ማርሽ በቀስታ እየተነቃነቁ መሪውን ከጥግ ጥግ ያዙሩት። ነጩ ጠመኔ ፕላስቲኩ ላይ ከታየ ፕላስቲኩን መግፋት ይበቃል፤ ላሜራው ላይ ከታየ ሥራ አለ፤ የጋቢናው ማሰሪያ ላይ ከታየ ግን ቆም ብለው ያስቡ። ጋራዥ ውስጥ ሞላውን አውርዶ እግሩን በክሪክ ጥግ ድረስ ማንሳት ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ ፈተና ነው፤ ያኔ ሻንሲው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቁም እንጂ ክሪክ ብቻ ይዞት ማንም ከሥሩ እንዳይገባ።

መፍትሔውስ? ፕላስቲኩ በሙቅ አየር ለስልሶ ከጎማው እንዲርቅ ይገፋል። የላሜራው ጠርዝ በመዶሻ ተደፍቶ ወዲያው ይቀባል፤ ካልተቀባ የሱሉልታ ክረምት በአንድ ዓመት ዝገት ያበቅልበታል። አላይመንት የሚሠራውም ባለሙያ የታችኛውን ክንድ ማስተካከያ ቡሎኖች አዙሮ እግሩን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሊያመጣው ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያስሞክር ወደ መቁረጥ ይሮጣል።

«ሞላውን ላስረዝምስ?» ማለትዎ አይቀርም። መኪናው በቆመበት ከፍ ይላል፤ ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ግን እግሩ የሚደርሰው እዚያው የድሮው ቦታ ድረስ ነው። ስለዚህ ማስረዘም መነካካቱን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ሲኬድ ደግሞ የፊት ሻፍቱ መገጣጠሚያ ዘንበል ስለሚል ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ቅባቱ ይፈሳል፣ ጭቃ ይገባበታል።

ሌላው ጣጣ ማርሹ ነው። ጎማው በ7 በመቶ ይተልቃል፤ የፍጥነት ቆጣሪው 80 ሲል በእርግጥ የሚሄዱት 85 ወይም 86 ነው። ኪሎ ሜትሩም ያንሳል፤ በ5,000 የሚቀይሩትን ዘይት ቆጣሪው 4,670 ሲል ይቀይሩ። በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ሲወጡ በሦስተኛ ይወጡት የነበረውን ዳገት ሁለተኛ ይጠይቅዎታል፤ ከዚህ በኋላ ፍሪሲዮኑ ላይ እግርዎን አያሳርፉ። ጎማው ስለሚከብድም የፍሬኑ ሸራ ቶሎ ያልቃል።

የእኛ ምክር 265/70 አር 17 ነው፤ ግን የጭቃ ጥርስ ያለው። 803 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቆጣሪውን የሚያሳስተው 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ መኪናውን የሚያነሳው 13 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ መሰለ? መረሬ ላይ መኪና የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ከፍታ ማነሱ አይደለም፤ ጥርሱ በጭቃ ተሞልቶ ጎማው እንደ ዱባ መለስለሱ ነው። ጥርሱ ሰፊ ክፍተት ያለው ጎማ ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋል። ከአስፋልቱ ሲወርዱም አየሩን ከ32 ወደ 22 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ) ያውርዱት፤ ጎማው ይሰፋል፣ አፈሩን ይይዛል። ከ15 በታች አያውርዱ፤ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። አየሩ ዝቅ ብሎ ሳለ ከ40 በላይ አይንዱ፤ አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ መልሰው ይንፉ። ደግሞ ሰንሰለት የሚያስሩ ከሆነ፣ 285ቱ ጎማ የሰንሰለቱን ቦታ ይበላዋል።

ሲገዙ ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ያንብቡ። 2319 ካለ በ2019 (በፈረንጆቹ) 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሶማሌ ተራ ላይ የሚያብረቀርቅ ሁሉ አዲስ አይደለም።

ጥያቄ፦ ትልቁን ጎማ ለጊዜው ኋላ ሁለቱን ብቻ ባደርግስ? የስኮርታውስ ነገር?
የሰንዳፋ አንባቢ

መልስ፦ አይሆንም። አራቱንም እግር ሲያስገቡ የፊትና የኋላ ሻፍቶች እኩል መዞር አለባቸው፤ ጎማዎቹ ካልተመጣጠኑ ልዩነቱ የሚወጣው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያካፍለው ከማከፋፈያ ሳጥኑ ጥርስ ነው። ሁልጊዜ በአራት እግር የሚሄድ ፕራዶ ካለዎት ደግሞ የመሐል ዲፈረንሻሉ ከቤትዎ በር ጀምሮ ያለ ዕረፍት ይሠራል። አምስት ጎማ ይግዙ፤ ስኮርታው ከፒክአፑ ሥር ባለው ቦታ መግባቱንም አስቀድመው ይለኩ። ካልገባ የጭነቱ ሣጥን ውስጥ ይታሰር።

ጥያቄ፦ ጎማዬ የውስጡን ክንድ ስለሚነካ ስፔሰር (ከቸርኬው በስተጀርባ ገብቶ ጎማውን ወደ ውጪ የሚያወጣ ብረት) ላድርግ?
የሰበታ አንባቢ

መልስ፦ ውስጡን ያርቅልዎታል፣ ውጪውን ግን ያባብሰዋል። ጎማው ወደ ውጪ በወጣ ቁጥር መሪው ሲዞር የሚጠርገው ቅስት ይሰፋል፤ ያ ከጋቢናው ማሰሪያ ጋር የሚያጋጨው ቅስት ነው። ኩሽኔታውም የበለጠ ይጫናል። ካስገጠሙት ልኩ ከመኪናዎ ሃብ (ቸርኬው ከሚታሰርበት መሐል) ጋር የሚገጥመውን ይምረጡ እንጂ በቡሎን ብቻ የሚንጠለጠለውን አይግዙ። ዳዶዎቹን በየተቃራኒው በቶርክ መፍቻ ያጥብቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላም ጎማውን አውልቀው የስፔሰሩን ዳዶ ደግመው ይፈትሹ፤ ከጎማው በስተጀርባ ስለሆነ ቢላላም አይታይዎትም።